ቦክሰኛን በሽሮ ማክሳት

ከእንግሊዝ አገር የመጣ ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ እዚህ ካልጋሪ ውስጥ አሰልጥኜ ለትልቅ ግጥሚያ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ከኔ በፊት ያለፈበት አሰልጣኝ ሁሉ ጊዜውን ሲያባክን ነው የኖረው። ሰውየው ሰው የሆነው እኔ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

እንዲህ ብዬ ስጀምር ሚስቴ ከማዶ ሆና ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። እሺ፣ ላስተካክለው። አሰልጣኙ ሌላ ሰው ነበሩ፤ እኔ ጂሙን የማጸዳው ነበርኩ። ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ላብ እወለውላለሁ፣ ቆሻሻውን በትልልቅ ጥቁር ፌስታል እያሰርኩ አወጣለሁ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠሉትን የቦክስ ከረጢቶች በክንዴ አቅፌ ገፋ እያደረግኩ ከሥራቸው እጠርጋለሁ። ከከረጢት ጋር መተቃቀፍ ቦክስ ከተባለ በመላው አልበርታ የኔን ያህል የታገለ የለም።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ጂሙ እኛ ከምንኖርበት ከዋይትሆርን ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ አዳራሽ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እንደ ቦክሰኞቹ የሚያልበው፣ የቫዝሊንና የእርጥብ ቆዳ ሽታ የማይለቀው ቤት ነው። አሰልጣኙ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አስመራ ላይ ቦክስ ተጫውተዋል፤ ኋላ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ስፖርት አስተምረዋል፤ አማርኛቸው ከኔ አማርኛ ይጠራል። ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። እኔ ጋሼ ስላቸው የሰሙት ፈረንጆች ስማቸው መስሏቸው ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ሲቆጡ አይጮኹም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል። ዝቅ ባለ መጠን መሸሽ ነው።

እንግሊዙ ደግሞ አጭር፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ አፍንጫው ወደ ግራ መሄድ ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ የሚመስል ሰው ነበር። ሠላሳዎቹን ገፋ አድርጓል። ሚስቱ የካልጋሪ ልጅ ስለሆነች እሷን ተከትሎ መጥቶ፣ ቀን ቀን አዳዲስ ቤቶች ለሚሠሩ ሰዎች የግድግዳ ጂፕሰም ይሸከማል፤ ከሺፍት ሲወጣ ጂም ይገባል። በቀላል ክብደት ነው የሚጋጠመው። ቀላል ክብደት ማለት በውድድሩ ዋዜማ ሚዛን ላይ ስትወጣ ከመቶ ሠላሳ አምስት ፓውንድ፣ ከስልሳ አንድ ኪሎ ገደማ፣ አንዲት ፍሬ መብለጥ የለብህም ማለት ነው። እኔ ያን ያህል የመዘንኩት አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ ያውም ታምሜ ተነስቼ።

በዚያ ክረምት አንድ ዕድል መጣለት። ካልጋሪ ውስጥ ገና ተሸንፎ የማያውቅ አንድ ወጣት ቦክሰኛ ነበር። ከእንግሊዝ የመጣ አንድ የግጥሚያ አዘጋጅ፣ ይህን ልጅ ካሸነፍክ አገርህ ወስጄ ለብሪታንያ ቀበቶ አጋጥምሃለሁ አለው። ቀበቶውን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞክሮት አምልጦታል። በዚያ ዕድሜው ሦስተኛ ጠሪ እንደማይመጣ እሱም ያውቃል፣ ጋሼም ያውቃሉ፣ ወለሉን የምወለውለው እኔም አውቃለሁ። ችግሩ ክብደት ነበር። ሁለት የካልጋሪ ክረምት ሰውየውን አወፍሮታል፤ ስቡ የሰፈረው ወገቡ ላይ ነበር፣ አልለቅም ያለ ተከራይ ይመስል።

እዚህ ላይ ነው የኔ ብልህነት የገባው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ጋሼ ሰውየውን የተቀቀለ ዶሮና ጎመን ላይ ሊያስቀምጡት ሲያስቡ እኔ ጣልቃ ገባሁ። እኛ አገር ሰው ከስጋና ከወተት ተቆጥቦ ወደ ሁለት ወር እንደሚጾም፣ በፋሲካ ዋዜማ ሕዝቡ ሁሉ ንፋስ የሚወስደው ቅጠል እንደሚሆን፣ ሚስቴ የጾም ምግብ ብትሠራለት ወገቡ እንደ ሰም እንደሚቀልጥ እንግሊዙን አስረዳሁት። ስናገር ሆዴ የሥራ ቱታዬን ቁልፍ ገፍቶ ነበር። እንግሊዙ ሆዴን አየ፣ ከዚያ ፊቴን አየ፣ ግን ጨዋ ሰው ነበር። የዶሮና የጎመኑ ነገር ሰልችቶት ስለነበር ደግሞ ማመን ፈልጓል።

ጋሼ በዚያ ሰሞን ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ነገሩ በእኔ እጅ ወደቀ። ሚስቴ በየቀኑ በምሳ ዕቃ ትሞላለታለች፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች በካሮት፣ ሱፍ ፍትፍት። እንግሊዙ ወደደው። መጀመሪያ በሹካ ነበር፤ ኋላ በእጁ ሆነ፤ ኋላ ደግሞ ተጨማሪ እንጀራ አለ ወይ እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንዱን ቀን ቤታችን መጥቶ ሚስቴ አጎረሰችው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛ ጨመረች፤ ሁለት ከሆነማ ብላ ሦስተኛ። ሰውየው ፊቱ በርበሬ ለብሶ ደስ ብሎት እያላበው ነበር። ላብ ካየሁ ከሳ ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ።

የመጀመሪያ ሰሞን እውነትም ትንሽ ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ፣ ማንም ሳያይ፣ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

ያወቁት ጋሼ ናቸው። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተሽሏቸው ጂም መጡና ሚዛኑ ላይ አቆሙት። ጎንበስ ብለው የሚዛኑን ዘንግ አዩ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ፤ ድምፃቸው እየሰመጠ ነበር።

«ምንድነው የምታበላው?»

«የጾም ምግብ ነው ጋሼ። ሽሮ ምናምን። ስብ የሚባል የለበትም።»

«ዘይትስ?»

«ዘይት… ዘይትማ ያለዘይት እንዴት ይሆናል?»

«እንጀራው? ዳቦው? ጨው?»

የመጥረጊያዬን እንጨት ማየት ጀመርኩ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ፤ «ሁዳዴ ጾሞ የከሳ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ራስህን በመስታወት አይተህ ታውቃለህ?»

እንግሊዙ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶታል። ከሚዛኑ ወርዶ ገመድ መዝለል ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮ የሚባል ቃል በጂሙ ውስጥ አልተነሳም። ጋሼ በጎመንና በውሃ፣ ኋላ ያለ ጎመን፣ ኋላም ያለ ውሃ አደረጉት። ጉንጩ ገባ፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። እኔ ስጠርግ ባጠገቡ ሳልፍ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። እንደ ልማዴ ቀልድ ልወረውር ስል አፌ ውስጥ ይደርቃል። ያን ሰሞን ቤቴም ስገባ ሚስቴ ስለ እሱ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ስለ አየሩ እመልሳለሁ።

ሚዛኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ፤ ግጥሚያው ቅዳሜ። ያን ዓርብ እኔም እየጾምኩ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም። ላንተ ስል ነው ብዬ ለእንግሊዙ ነግሬዋለሁ፤ አብሬህ እጠማለሁ ብያለሁ። ባልልም ኖሮ ያው እጾም ነበር፤ ግን ብትናገረው ምን ይጎዳሃል።

ተጋጣሚው ወጣት ቀድሞ ተመዝኖ አልፏል። ግድግዳ ተደግፎ የብርቱካን ጭማቂ እየጠጣ ነበር፤ በቀስታ፣ ሆን ብሎ፣ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ እያነሳ። እንግሊዙ ሚዛኑ ላይ ወጣ። የክሊኒክ ዓይነት ባለ ዘንግ ሚዛን ነው። መዛኙ ትንሿን ብረት መቶ ሠላሳ አምስት ላይ ሲያቆማት ዘንጉ ላይኛውን ጠርዝ ጠቅ አድርጎ እዚያው ቀረ። አንድ ፓውንድ ተኩል አልፏል። አዳራሹ ውስጥ ጭማቂው ብቻ ሲዋጥ ይሰማል።

መዛኙ አንድ ሰዓት ሰጠን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልቀነሰ ግጥሚያው የለም፤ ግጥሚያው ከሌለ እንግሊዝ የለም። አዘጋጁ ሰዓቱን እያየ ወጣ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ከመስመጡ የተነሳ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

«መኪናህን አምጣ» አሉኝ።

የኔ መኪና ሂተር ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ወይ አይሠራም ወይ ሲኦል ነው። ፈረንጆቹ ለክረምት ብለው መኪናቸው ውስጥ ብርድ ልብስ ያስቀምጣሉ፤ እኔ ጋቢ ነበረኝ። ከኋላ ወንበሩ ላይ ደግሞ ለጂሙ የገዛሁት የጥቁር ፌስታል ጥቅል አለ። ጋሼ አንዱን ፌስታል ለአንገትና ለክንድ ቀደው አለበሱት፤ በላዩ ሁለተኛ ደረቡ፤ በላዩ ሹራብ፤ በላዩ ጋቢውን ከአናቱ እስከ ጉልበቱ ጠቀለሉት። ፊት ወንበር አስቀመጥነው፤ ጋሼ ከኋላ ሆኑ። መስኮት ተዘጋ፣ ሂተሩ እስከ መጨረሻው ተከፈተ፣ ሄድን።

ውጭ በረዶው መንገዱን ለብጦ እንደ መስታወት አንጸባርቆታል። ውስጥ መስታወቱ በእንፋሎት ታውሯል። በአንድ እጄ እየነዳሁ በሌላው መስታወቱን እጠርጋለሁ። ቆም ብዬ ካፖርቴን ላውልቅ ስል ጋሼ በሩን መክፈት የለም፣ መንቀሳቀስ የለም አሉ። ከኋላ ሆነው በባንክ ካርዳቸው የሰውየውን አንገትና ግንባር ይፍቁታል፤ ላቡን ከቆዳው ካላነሱት ሌላ አይወጣም ይላሉ። ደግሞ እየደጋገሙ አናግረው ይሉኛል፤ እንዳይተኛ።

የእሱ እንግሊዝኛና የኔ እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ቤት አልሄዱም። የዚያን ቀን ግን ቀስ ብሎ ስለሚናገር ሁሉንም ሰማሁት። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ክበብ ውስጥ ጓንት እያጠለቀ አደገ። ሃያ ሳይሞላው ፕሮፌሽናል ሆነ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸንፎ ሲገባ እናቱ የቁምጣውን ደም በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ አሰጣችለት፤ ስለ ድሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሆቴሎች ውስጥ ይጋጠም ነበር፤ ጥቁር ኮትና ቢራቢሮ ክራባት ያደረጉ ሰዎች ሥጋቸውን እየቆረጡ ያዩታል። አንድ ጊዜ ደሙ አንዱ ሰውዬ ሳህን ላይ ተረጨ፤ ሰውዬው አሳላፊውን ጠርቶ ሌላ ሳህን አስመጣና መብላቱን ቀጠለ። ለቀበቶው የተጋጠመ ዕለት በነጥብ እየመራ ነበር። ቅንድቡ ተቀደደ፤ ዳኛው አስቆመው። ሐኪሙ ሲሰፋው ነጥቡን ነገሩት።

«ብዙ ነገር ተሸንፌያለሁ፤» አለኝ፤ «ሚዛን ላይ ግን ወድቄ አላውቅም። ሚዛን ላይ የሚወድቅ ቦክሰኛን ማንም ሁለተኛ አይጠራውም።»

መስታወቱን ደግሜ ጠረግኩ። የወገቡ ሽሮ የኔ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ መናገር አቆመ። ዓይኑ መስታወቱ ላይ ወደሚወርደው ውሃ ሄዶ ቀረ። ጣቱን አንስቶ ጠብታዋን ሊነካ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። ልጁን እንደሚያባብል ሰው ቀስ አድርገው ወደ ጋቢው መለሱት። እኔ ደግሞ መንገዱ መስፋትና መጥበብ ጀመረብኝ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም መብራቱ ሁለት ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ሰው ካፖርት ለብሶ እዚያ ሲኦል ውስጥ ተቀምጧል። ብናገር ጋሼ መስኮት ይከፍታሉ። መስኮት ከተከፈተ ላቡ ይቆማል። አልተናገርኩም።

ጋሼ ወደ ሆቴሉ መልሰን አሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ፓርክ አደረግኩ፤ ከፓርኪንጉ መስመር ወጥቼ ግማሽ መኪናዬ በረዶ ክምር ላይ ወጥቷል፤ ግድ የለኝም። ሮጬ በሩን ልክፈትለት ብዬ ወጣሁ። ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። በሩን ያዝኩት። በሩ ግን እኔን አልያዘኝም።

ቀጥሎ የማስታውሰው ምንጣፍ ነው። ቀይ የሆቴል ምንጣፍ፣ ከዓይኔ ሥር ወደ ኋላ እየሸሸ። ከሥሩ ፌስታል የሚንኮሻኮሽበት ጀርባ። የጋቢ ጥለት። ቀስ ብሎ ገባኝ፤ ትከሻ ላይ ነኝ። ጋሼ ከኋላ እየተከተሉ በእንግሊዝኛ አውርደው፣ ጉልበትህን ትጨርሳለህ፣ ሌላ ሰው ይሸከመዋል ይሉታል። ሌላ ሰው አልነበረም። በእንግዳ መቀበያው የቆሙ ሰዎች ነጭ ጨርቅ የተከናነበ፣ እንደ ፈላ ጀበና እንፋሎት የሚወጣው ሰው እኔን የሚያህል ሰውዬ ተሸክሞ ሲሮጥ አይተው መንገድ ለቀቁ። ያን ጊዜ ክብደቴ የእሱን አንድ ተኩል ያህል ነበር፤ ሚስቴ ሁለት ያህል ነው ትላለች።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ደርድረው አጋደሙኝ። ከተኛሁበት ሆኜ ሚዛኑን በጎን አየዋለሁ። ሁሉንም አወለቁለት፤ የውስጥ ሱሪውን ጭምር። ጋሼና የተጋጣሚው ረዳት ፎጣ በፊቱ ያዙ። ረዳቱ ጋሼ ፎጣውን ተጠቅመው ሰውየውን ወደ ላይ እንዳይደግፉት ዓይኑን ከእጃቸው አልነቀለም። መዛኙ ትንሿን ብረት አስቀመጣት። ዘንጉ ወደ ላይ ወጣ፤ ጠርዙን ነካ።

«አትተንፍስ» አሉ ጋሼ፣ በአማርኛ። ሰውየው ግን የገባው ይመስለኛል፤ እንደ ግንድ ቆመ። እኔም አልተነፈስኩም። ዘንጉ ከጠርዙ ተላቀቀ። ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ መሀል ላይ መጣ፣ ተንቀጠቀጠ። መዛኙ ጎንበስ ብሎ አየ። ጭማቂ የሚጠጣው ወጣት ጠርሙሱን ከአፉ አውርዷል።

ዘንጉ መሀል ላይ ቆመ። መዛኙ ቁጥሩን ጠራ፤ መቶ ሠላሳ አምስት።

እንግሊዙ ፎጣውን ታጥቆ ወረደና የውሃ ጠርሙስ ሰጡት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ የቀረውን አፌ ላይ ያዘልኝ። እኔ በዚያ ሁኔታዬም ሰዓት ስንት ነው፣ ዘጠኝ ሆኗል ወይ ብዬ ጋሼን ጠየቅሁ።

«አልፏል፣ ጠጣ፤» አሉኝ። «ካላለፈም ጠጣ።»

ከዚያ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። መኪናው ያላወጣውን ያወጣው አንተን መሸከሙ ነው፣ ያወፈርከውንም አንተው አከሳኸው አሉኝ። ቦክሰኞቹን ሊመረምር የመጣው ሐኪም ግን አልሳቀም። ክንዴን በደም ግፊት መለኪያው አስሮ ሁለት ጊዜ ለካኝ፤ ለቦክሰኞቹ አንድ አንድ ጊዜ ነው የለካው። ከዚያ ነገ ይህ ሰው የትም እንዳይሄድ ብሎ ለጋሼ ነገራቸው።

ግጥሚያው ቅዳሜ ምሽት ተካሄደ። እንግሊዙ በነጥብ አሸነፈ፤ አንድ ዓይኑ ተዘግቶ፣ ቅንድቡ ግን ሳይቀደድ። በመኸር አገሩ ሄዶ ለቀበቶው ተጋጠመ። እስከ መጨረሻው ዙር ቆሞ በነጥብ ተሸነፈና ጓንቱን ሰቀለ። ተመልሶ ካልጋሪ መጣ፤ ብዙ ዓመት ጂፕሰም ተሸከመ። ቀበቶ ባያገኝም በክብደቱ የወደቀ ተብሎ አልተሰናበተም።

ያን የቅዳሜ ግጥሚያ እኔ ባለፉት ዓመታት በስንት ሠርግ፣ በስንት ክርስትና፣ በስንት የባቡር ጉዞ ላይ ዙር በዙር ተርኬዋለሁ። እንግሊዙ በስተቀኝ ሲዞር፣ ልጁ በግራ ሲስት፣ እኔ ከሪንጉ ማዕዘን ባልዲ ይዤ «እጅህን አንሳ» ስል። እግሬን ጭምር እያንቀሳቀስኩ አሳያለሁ። ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ግማሹ ከኔ ነው የሰማው።

አላየሁትም። የዚያን ምሽት ዋይትሆርን ቤቴ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ሚስቴ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር። ያሸነፈውንም የሰማሁት ጋሼ ስልክ ሲደውሉ ነው፤ ስልኩንም ያነሳችው እሷ ናት፣ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ።